ቮልቮ 240 ስቴሽን ዋገን ስንት ያወጣል? ሳትታለሉ ዋጋ የምታወጡበት መንገድ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሳምንት ሁለት ቮልቮ 240 ስቴሽን ዋገን አየሁ። አንዷ የ1986 ሥሪት ናት፤ 3,200 ዶላር ተባለች። ሌላዋ የ1989 ናት፤ 8,500 ተባለች። ከሩቅ ላያቸው እህትማማች ናቸው። ሁለቱም ሰማያዊ፣ ሁለቱም ሳጥን የመሰሉ፣ ሁለቱም ቁልፍ ሲነካቸው ወዲያው የሚነሱ። ርካሿን ገዝቼ ቢሆን ዓመት ሳይሞላ ኪሴ ይራቆት ነበር። ውዷንም በተጠየቀው ዋጋ ብወስዳት ሁለት ሺህ ዶላር ሜዳ ላይ መጣል ነበር። በመጨረሻ ውዷን በ6,400 ገዛኋት። እዚህ ቁጥር ላይ እንዴት እንደደረስኩ ከነሂሳቡ ልንገራችሁ።

አገር ቤት ላደግን ሰዎች ቮልቮ ሲባል መጀመሪያ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የጭነት መኪናው ነው። ይቺ ግን የቤተሰብ መኪና ናት። ስዊድኖች 240ን ከ1974 እስከ 1993 ሠሯት። ሴዳኑና ስቴሽን ዋገኑ ተደምረው ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። ስቴሽን ዋገኗ መጀመሪያ 245 ትባል ነበር፤ ኋላ ላይ ስሙ ቀርቶ ሁሉም 240 ተባሉ። አሜሪካ ውስጥ መምህራንና የልጅ ወላጆች የሚነዷት መኪና ነበረች። አሁን ሰብሳቢዎችና ወጣቶች ይሻሟታል። ስለዚህ ዋጋዋ ተረበሸ። አንዱ ሻጭ እንደ አሮጌ ብረት ይሸጣታል፣ ሌላው እንደ ወርቅ። ሁለቱም ግን መኪናዋን ሥሯ ገብተው አላዩም።

እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ፔጆ ሲፈቱ ያሳለፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ምክር ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «ጋሼ፣ ማይሉ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ማይሉን ተወው። ሞተር ይገዛል። ካምቢዮ ይገዛል። ላሜራው ከተበላ ግን ማን ይሸጥልሃል?» አሉኝ። የዋጋው ነገር ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ ዓመቷን እወቁ

ዋጋ ከማሰባችሁ በፊት የትኛዋን 240 እንደምታዩ እወቁ። በፊት መስታወቱ በኩል፣ በሹፌሩ ወገን፣ ክሩስኮቱ ላይ የሻሲ ቁጥሩ ይታያል። ከ1981 ወዲህ 17 ፊደልና ቁጥር ነው። አሥረኛው ፊደል ዓመቱን ይናገራል። «ጂ» ከሆነ 1986፣ «ኬ» ከሆነ 1989፣ «ፒ» ከሆነ የመጨረሻው 1993 ነው። ሻጩ የነገራችሁ ዓመትና ይህ ፊደል ካልተስማሙ ወረቀቱን ጠበቅ አድርጋችሁ እዩ።

ዓመቱ ዋጋ ላይ ለምን ይገባል? ዋናው ምክንያት ሽቦ ነው። ከ1980 እስከ 1987 አካባቢ በተሠሩት ላይ የሞተሩ ሽቦ ልባስ ሙቀት አይችልም። እየደረቀ ይፈረፈራል። ሽቦ ከሽቦ ይነካካና መኪናዋ አንድ ቀን ትነሳለች፣ አንድ ቀን እምቢ ትላለች። ብዙዎቹ እስካሁን ተቀይሮላቸዋል፤ ያልተቀየረላቸውም አሉ። ከ1988 ወዲህ ያሉት ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። ከ1985 ጀምሮ አሜሪካ የመጡት አብዛኞቹ ቢ230ኤፍ የሚባለውን 2.3 ሊትር ሞተር ይዘዋል። 114 የፈረስ ጉልበት ነው። አይሮጥም፤ ግን አይሞትም። ዘይቱ በሰዓቱ ከተቀየረለት 300,000 ማይል ለሱ ብርቅ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበሩት ቢ21ና ቢ23ም ከዚሁ ዘር ናቸው። በናፍጣ የሚሠራ 240 ካጋጠማችሁ ግን ሌላ ዓለም ነው። የምጽፈው ሂሳብ እሱን አይመለከትም።

የአየር ከረጢት (ኤርባግ) የመጣው በ1990 ነው፣ ለሹፌሩ ብቻ። ልጅ የምትጭኑባት ከሆነ ይህን አስቡበት። የመጨረሻዋ የ1993 ሥሪት ደግሞ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ስለሆነች ብቻ ዋጋዋ ከፍ ይላል። እኔ ለመንዳት የምፈልግ ሰው ስለሆንኩ ለዚያ ስም አልከፍልም።

የተሸጠበትን ዋጋ ሰብስቡ፣ የተጠየቀውን አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ወይም ክሬግስሊስት ላይ ይገባል፣ አምስት ማስታወቂያ ያያል፣ «ገበያው ይህ ነው» ይላል። ማስታወቂያ ላይ ያለው የሻጩ ምኞት ነው። ስምንት ወር ያልተሸጠ መኪና ዋጋ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም።

የተለመዱት የዋጋ ማውጫ ድረ ገጾች በዋናነት የተሠሩት ለቅርብ ጊዜ መኪና ነው። እዚህ ብዙ አይረዱም። የሚረዷችሁ ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ እንደ ብሪንግ ኤ ትሬለር ያሉ የኢንተርኔት ጨረታዎች፤ መኪናዋ በስንት እንደተሸጠች ለሁሉም ይታያል። ሁለተኛ ሃገርቲ የተባለው የክላሲክ መኪና ኢንሹራንስ ኩባንያ የሚያወጣው የዋጋ ማውጫ። ሦስተኛ የራሳችሁ ደብተር። በአካባቢያችሁ የወጡትን ማስታወቂያዎች ለአንድ ወር ተከታተሉ። በስንት ቀን እንደጠፉ፣ ዋጋ ስንቴ እንደቀነሱ ጻፉ። በሦስት ቀን የጠፋ ማስታወቂያ ዋጋው ለገበያው ቅርብ ነበር ማለት ነው።

የጨረታ ዋጋ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚያ የሚወጡት በአብዛኛው የተመረጡ፣ የታጠቡ፣ መቶ ፎቶ የተነሱ መኪናዎች ናቸው። ሻጩ በጓሮ ያቆማትን መኪና በነሱ ዋጋ መለካት ልክ አይመጣም። እዚያ ገብታችሁ ከሥር የተጻፉትን አስተያየቶች አንብቡ። የሚያውቁ ሰዎች ዝገቱን በፎቶ ለይተው ይጠይቃሉ። እኔ የት የት ማየት እንዳለብኝ ግማሹን የተማርኩት ከዚያ ነው።

ቢያንስ አሥር የተሸጡ ስቴሽን ዋገኖች ሰብስቡና በሦስት ክምር ክፈሏቸው። አንደኛው ክምር ንጹሕ፣ ዝገት የሌለበት፣ ደረሰኝ የሞላ። ሁለተኛው በየቀኑ የሚነዳ፣ ጤነኛ፣ ግን ዕድሜው የሚታይበት። ሦስተኛው ሥራ የሚፈልግ። ከየክምሩ ከሁሉም ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ጣሉ። መሐል ላይ የሚቀረው መነሻ ዋጋችሁ ነው። እኔ በፈለግኩበት ሰሞን የሁለተኛው ክምር መሐል 7,800 ዶላር መጣልኝ። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ሳይሆን አሠራሩን ውሰዱ።

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ

ስልክ ላይ ጥቂት ነገር ይበቃል። ለምን ትሸጣለህ? ስንት ዓመት ነዳሃት? ከየት ግዛት መጣች? ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) በስምህ ነው? ከዚያ አንድ ነገር አደራ በሉት፦ «ስመጣ ሞተሩን አሙቀህ አትጠብቀኝ።» ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚናገረውን የሞቀ ሞተር ይደብቃል። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ ለምን እንደሞቀ ጠይቁ።

ከየት ግዛት መጣች የምትለዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ሰሜን ያሉት ግዛቶች በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ። ጨው ላሜራ ይበላል። ደረቅ አገር፣ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ ያደገች መኪና ደግሞ ፀሐይ ክሩስኮቷን ትሰነጥቀዋለች፣ የጣሪያዋን ጨርቅ ታረግፈዋለች፤ ሥሯ ግን ደረቅ ሆኖ ይቆያል። የኔ ሁለት መኪናዎች እንዲህ ነበሩ። የ1986ቷ ክሩስኮት አንድ ስንጥቅ የለውም፤ ያምራል። የ1989ኟ ክሩስኮት ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል። የማያውቅ ሰው ውስጧን አይቶ ርካሿን ይመርጣል። የተሰነጠቀ ክሩስኮት ሳይ ግን እኔ ደስ ይለኛል። ወለሉ ጤነኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ላሜራውን እዩ፤ ጊዜያችሁን እዚህ ጨርሱ

የሥራ ልብስ ልበሱ። የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ የተጠቀለለ፣ አንድ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ያዙ። መሬት ላይ የምትነጥፉት ካርቶንም አይርሳችሁ። በዝናብ ቀን አትሂዱ። እርጥብ ቀለም ሁሉንም ነገር ያሳምራል።

ከፊት መስታወቱ ጀምሩ። የታችኛዎቹን ሁለት ማዕዘኖች፣ የመስታወቱ ማሸጊያ ጎማ ከላሜራው ጋር የሚገናኝበትን ተመልከቱ። ቀለሙ እንደ ብጉር ካበጠ ከሥሩ ዝገት አለ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን መስታወቱ መውጣት አለበት፣ ላሜራው መበየድ አለበት፣ መቀባት አለበት። ውሃው እስከዚያው ወደ ውስጥ ይገባና ወለሉን ከላይ ይበላዋል።

ከዚያ የፊት ወንበሮቹን ምንጣፍ አንሱ። ሻጩን አስፈቅዱ፤ እምቢ ካለ በቂ መልስ ሰጥቷችኋል። እጃችሁን ከምንጣፉ ሥር ስደዱ። እርጥብ ነው? የሻጋታ ሽታ አለው? የ1986ቷን ምንጣፍ ሳነሳ ጣቴ ስፖንጅ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ባትሪውን አብርቼ ወለሉን በካቻቢቴው እጀታ ቀስ ብዬ ቆረቆርኩት። ጤነኛ ላሜራ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል። ይሄ እንደ ካርቶን ዝም አለ። ካቻቢቴውን ትንሽ ጫን ሳደርገው ጫፉ አለፈና አስፋልቱን ነካ። ሻጩ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም።

ኮፈኑን ክፈቱና የባትሪው መቀመጫ ሥር እዩ። አሲድ የፈሰሰበት ላሜራ ይበሰብሳል። ከኋላ የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ አንሱ፣ የመለዋወጫ ጎማውን አውጡና ጎድጓዳውን እዩ። ውሃ ከቆመበት ከኋላ መብራቶቹ ማሸጊያ ጎማ እየገባ ሊሆን ይችላል። የኋላውን በር ከፍታችሁ የታችኛውን ጠርዝ በጣታችሁ እስከ መጨረሻው ዳብሱ። በ240 ስቴሽን ዋገን ላይ ይህ ጠርዝ በጣም የተለመደ የዝገት ቦታ ነው። በሩ ግን በብሎን የታሰረ ነው፤ ከአሮጌ መኪና አፍርሶ ሻጭ ሌላ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እዚህ ያለ ዝገት ዋጋ ይቀንሳል እንጂ መኪናዋን አይገድላትም።

ሥሯ ግቡ። ክሪክ የሚቆምባቸውን ቦታዎች፣ ከበሩ ሥር የሚሄደውን ደረጃ፣ የኋላ ጎማዎቹን ቅስት ተመልከቱ። አዲስ ጥቁር ቅብ ሥሯ ላይ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ማንም ሰው መኪና ከመሸጡ ሁለት ቀን በፊት ሆዷን የሚቀባው በቁንጅና ምክንያት አይደለም። ማግኔቱን በጎንና በጎማ ቅስቶቹ ላይ አስኪዱት። የማይዝበት ቦታ ካለ ከሥሩ ስቱኮ ነው።

አሁን ዋናውን ደንብ ልንገራችሁ። የወለል፣ የደረጃና የክሪክ ቦታ ዝገት ከዋጋ ላይ የሚቀነስ ነገር አይደለም። መኪናዋን ከክምር ወደ ክምር ያወርዳታል። ሁለተኛው ክምር ውስጥ የነበረች መኪና ወለሏ ከተበሳ ሦስተኛው ውስጥ ናት፤ ሞተሯ የቱንም ያህል ቢያምር። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ መኪና በየዓመቱ ምርመራ አለባት። የተበሳ ወለል ይዞ እዚያ መቅረብ ያስቸግራል። ለዚህ ነው 3,200ዋን ጥዬ የሄድኩት። ብየዳው ብቻ ከዚያ በላይ ይጠይቀኝ ነበር።

ሞተሩ

ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሱ። ትንሽ ሰማያዊ ጭስ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ወጥቶ ከጠፋ አትደንግጡ። ካልጠፋ ዘይት እየበላች ነው።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ክፈቱና የላስቲክ ጓንት አፉ ላይ አልብሱ። ይህችን ዘዴ ያስተማሩኝ እኚያው ሽማግሌ ናቸው። ጓንቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጥሩ ነው። እንደ ፊኛ ተነፍቶ ጣቶቹ ከቆሙ ሞተሩ መተንፈስ አልቻለም። የሞተሩ መተንፈሻ ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ አላት። ዘይት ሲዘጋት ግፊቱ መውጫ ያጣና የኋላውን የዘይት ማኅተም ይገፋዋል። ቁራጯ ርካሽ ናት። ማኅተሙን ለመቀየር ግን ካምቢዮ መውረድ አለበት። ስለዚህ ጓንቱ ከተነፋ ሥሯ ገብታችሁ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበትን ቦታ እዩ። ደረቅ ከሆነ የቀነሳችሁት ትንሽ ይሁን፤ ከረጠበ የሙሉ ቀን የእጅ ዋጋ ቀንሱ።

ዓመቷ ከ1988 በፊት ከሆነ የሞተሩን ሽቦ አንድ ቦታ ላይ በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ እጠፉት። ሞተሩ ጠፍቶ ይሁን። ልባሱ እንደ ደረቅ እንጀራ ከተፈረፈረ አልተቀየረም ማለት ነው። ለስላሳ ከሆነና ደረሰኝ ካለ ያች መኪና ከዘመዶቿ የበለጠ ታወጣለች።

የታይሚንግ ቺንጊያውን መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። በየ50,000 ማይሉ መቀየር አለበት። በዚህ ሞተር ላይ ቢበጠስም ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። መንገድ ላይ ትቆማላችሁ እንጂ ሞተሩ አይሞትም። ስለዚህ ሻጩ «አላውቅም» ቢል ቺንጊያውን ለማስቀየሪያ ትንሽ ቀንሱና እለፉ።

ነድታችሁ እዩ

ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱ፣ ሃይዌይም ግቡ። አብዛኞቹ አውቶማቲክ ናቸው፤ ካምቢዮው ጃፓን ሠራሽ፣ አራት ማርሽ ያለው፣ ጠንካራ ነው። አራተኛው ማርሽ ኦቨርድራይቭ ነው፣ በመያዣው ላይ ባለች ቁልፍ ይበራል ይጠፋል። ሃይዌይ ላይ ሞተሩ ከጮኸና አራተኛውን አልይዝ ካለ ሻጩ «ካምቢዮው ሞቷል» ብሎ ዋጋ ጥሎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሞተው ካምቢዮው ሳይሆን ትንሿ ሪሌ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የምታበራና የምታጠፋው ቁራጭ፣ ናት፤ ውስጧ ያለችው ብየዳ ትሰነጠቃለች። እዚህ ላይ የሚያውቅ ሰው ገንዘብ ያተርፋል። ካምቢዮው ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሳይንሸራተት ከሄደ፣ ዘይቱም ቀይና ያልተቃጠለ ከሆነ፣ እኔ እደፍራለሁ።

ፍሬን ያዙና መሪውን ላላ አድርጉት፤ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች? ጉድባ ላይ ስትወጣ ከፊት ኳኳታ ከሰማችሁ ጎሚኒዎቹ አልቀዋል። ይህ የዕድሜ ነገር ነው።

ማይል ቆጣሪውን እየነዳችሁ አስተውሉት። በ240 ላይ ውስጡ ያለች ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ትሰበራለች፤ የፍጥነት መለኪያው እየሠራ ማይሉ ግን ቆሞ ይቀራል። አንዳንዷ መኪና 148,000 ላይ ከቆመች አሥር ዓመት ይሆናታል። «ዝቅተኛ ማይል» ብሎ ዋጋ የጨመረ ሻጭ ካጋጠማችሁ ቁጥሩ ሲንቀሳቀስ አይታችሁ እመኑ። ካልተንቀሳቀሰ ማይሉን ለዋጋ ጭማሪ አትቁጠሩለት።

ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር

የማሞቂያውን ማራገቢያ በሁሉም ፍጥነት አብሩት። ዝም ካለ ወይም ከጮኸ ተጠንቀቁ። ዕቃው ራሱ ብዙ አያወጣም። ግን 240 ላይ የተቀበረው ክሩስኮቱ ሆድ ውስጥ ነው። መካኒኩ ሙሉ ቀን ይፈታል። የኔ 1989 ይህ ችግር ነበረባት። ሻጩ «ፊውዝ ነው» አለኝ። ሰው ሁሉ ፊውዝ ነው ይላል። ፊውዝ ቢሆን ኖሮ ሳይሸጥ ይቀይረው ነበር።

ኤሲውን አብሩ። የድሮዎቹ አር12 የሚባለውን ጋዝ ይጠቀሙ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ምርቱ ከ1995 መጨረሻ ጀምሮ ቆሟል። ወደ አዲሱ ጋዝ ካልተቀየረች ሥራ አለባት። የኋላውን መጥረጊያ፣ የኋላ መስታወቱን ማሞቂያና የሰሌዳ መብራቱን ሞክሩ። የኋላ በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ሽቦው እየታጠፈ ማጠፊያው ላይ ይበጠሳል። ትዕግሥት ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት ያስተካክለዋል።

ከኋላ ወደ ኋላ የሚያይ የልጆች ሦስተኛ ወንበር ካላት ዋጋ ጨምሩላት። ሁሉም ላይ የለም፣ ይፈለጋል። ልጆቼ ከዚያ ወንበር ሌላ የሚያዩት ነገር አልነበረም።

ወረቀቱ

በዚህ ዕድሜ ላለች መኪና ታይትሉ ላይ ማይሉ ብዙ ጊዜ አይመሰከርም፣ ሕጉ ነጻ አድርጓታል። ስለዚህ ታሪኳን የሚናገሩት ደረሰኞች ናቸው። ካርፋክስ የሚባለውን የመኪና ታሪክ ሪፖርት ብታወጡም ሙሉ ታሪኳን አትጠብቁ። ደረሰኞቹን በቀን ደርድሩና ማይሎቹን አንብቡ፤ ሽቅብ እየሄዱ ድንገት ከቆሙ ቆጣሪው መቼ እንደሞተ አወቃችሁ። የዘይት ቅያሬ ብቻ ሳይሆን ትልልቁን ፈልጉ፦ ራዲያተር፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ሽቦ፣ ካምቢዮ። የ1989ኟ ሻጭ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ደረሰኝ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ቺንጊያው ከሁለት ዓመት በፊት ተቀይሯል። ይህ ገንዘብ ነው።

አሁን ሂሳቡ

መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አታስሉ። ቤት ግቡ፣ ሻይ አፍሉ፣ ደብተር አውጡ።

የ1989ኟ ላሜራ ጤነኛ ነው፤ የኋላ በሯ ጠርዝ ብቻ ዝጓል። ስለዚህ ቦታዋ ሁለተኛው ክምር ነው፣ መነሻዬ 7,800። የማሞቂያ ማራገቢያ፣ ሁለት ጋራዥ ጠይቄ ያገኘሁት፣ 900። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አለ ግን ዕድሜያቸው አሥር ዓመት አልፏል፣ 500። የኋላ በር ሽቦ 150። የበሩ ዝገት 350። ድምሩ 1,900 ሲቀነስ 5,900 ቀረ።

ክሩስኮቱስ? ኤሲውስ? አልቀነስኩም። ሁለተኛው ክምር ውስጥ ያስገባኋቸው መኪናዎች አብዛኞቹ የተሰነጠቀ ክሩስኮትና የማይሠራ ኤሲ ነበራቸው። መነሻ ዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ተቀንሷል። ያንኑ ጉድለት ሁለት ጊዜ መቀነስ ሻጩን መበደል ነው። ሻጩም ሲገባው ይናደዳል፣ ንግግሩ ይበላሻል።

ከዚያ ጨመርኩ። ሦስተኛ ወንበር 300። ደረሰኞቹና የተቀየረው ቺንጊያ 200። 6,400 መጣ። ለዚህች መኪና ትክክለኛ ዋጋ ይሄ ነው አልኩ። ከ6,600 በላይ ከጠየቀኝ እንደምሄድ ለራሴ ወሰንኩ፣ ለባለቤቴም ነገርኳት። ለሌላ ሰው ካልነገራችሁት የወሰናችሁት ቁጥር ሜዳው ላይ ይጠፋባችኋል።

ከዋጋው ውጭ 1,500 ዶላር ለብቻው ይቀመጥ። ይህ ለሻጩ የሚነገር ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም አሮጌ መኪና አንድ ነገር ይጠይቃል። ይህ ገንዘብ ከሌላችሁ የምትገዟት መኪና ዋጋ መውረድ አለበት።

አንድ ነገር ላክል። የቀነሳችሁትን በራሳችሁ እጅ የምትሠሩት ከሆነም የጋራዥ ዋጋ ቀንሱ። ቅዳሜያችሁ ዋጋ አላት።

ድርድሩ

አሜሪካዊ ሻጭ እንደኛ ገበያ ረጅም ክርክር አይወድም። የመርካቶን ዘዴ ይዛችሁ ግማሹን ብትጠሩ በሩን ይዘጋል። ሂሳቡን አሳዩት። እኔ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ የሁለቱን ጋራዥ የማራገቢያ ዋጋ አሳየሁት፣ የተሸጡትን መኪናዎች ዋጋ አሳየሁት። «6,000 እሰጣለሁ» አልኩት። ዝም አለ። ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ፣ መነጽሩን አደረገ፣ እያንዳንዱን መስመር አነበበ። «ለሦስተኛው ወንበር ጨምረህልኛል፣ ማንም ይህን አላደረገም» አለ። 6,500 አለኝ፣ 6,400 ላይ ተገናኘን።

ሻጩ ሐበሻ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሰላምታው አለ፣ ቡናው አለ፣ የጋራ ዘመድ ፍለጋው አለ። ይሉኝታ ዋጋ ያስከፍላል። ቡናውን ጠጡ፣ ተጨዋወቱ፤ ሂሳቡን ግን ቤታችሁ ጨርሳችሁ ሂዱ። ስለ ዝገት መናገር ካፈራችሁ መካኒካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ ይናገርላችሁ። ለመካኒኩ የምትከፍሉት መቶ ወይም መቶ ሃምሳ ዶላር ከዝምታችሁ ይረክሳል።

ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት

ታይትሉ ላይ ያለውን የሻሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። የሻጩን መታወቂያ ከስሙ ጋር አስተያዩ። «ሳልቬጅ» ወይም «ሪቢልት» የሚል ቃል ካለበት መኪናዋ በአደጋ ወይም በጎርፍ ተጎድታ ኢንሹራንስ «መጠገኗ አያዋጣም» ያላት ናት፤ ያደረጋችሁት ሂሳብ አይሠራም፣ ከሥር ጀምሩ። የባንክ ዕዳ ካለባት ሳይፈታ ገንዘብ አትስጡ። ቀብድ ከሰጣችሁ በወረቀት ይሁን።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከ25 ዓመት በላይ ለሆናት መኪና የአንቲክ ሰሌዳ ይሰጣል። ርካሽ ነው። ግን በየቀኑ ሥራ ለመመላለስ አይፈቀድም። ልጅ ትምህርት ቤት ልታደርሱባት ከሆነ መደበኛውን ሰሌዳ አውጡ፣ ወጪውንም ከመግዛታችሁ በፊት ቁጠሩት።

ሰማያዊዋን ይዤ ወደ ሽማግሌው ጋራዥ ሄድኩ። ሥሯ ገብተው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲወጡ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ስንት ገዛሃት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ማራገቢያውን ማክሰኞ አምጣት» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።